የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ትምህርት ለወሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በአካባቢው የሚማሩ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው የትምህርት ክፍል መምረጫ ጊዜ በደረሰ ቁጥር የሚያነሷቸው ናቸው። «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

የዓለም አቀፍ ጉዳዮች ትምህርት ዜና ከመከታተል በምን ይለያል?

ዜና የሆነውን ይነግራል፤ ትምህርቱ ደግሞ የሆነው ነገር በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው ተቋምና በማን ጥቅም እንደሚመራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር የሚያልፉ መርከቦችን መምታት እንደጀመሩ ያልሰማ የለም። ነገር ግን የመርከብ ኢንሹራንስ ዋጋ በዚህ ምክንያት ለምን እንደሚንር፣ ብዙ የጭነት ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ በኩል መዞርን ለምን እንደመረጡ፣ ይህም በጂቡቲ በኩል በሚገባ ዕቃ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ለመረዳት የባሕር ሕግን፣ የንግድ መስመርንና የቀጠናውን የኃይል አሰላለፍ በአንድነት ማየት ይጠይቃል። ዲፕሎማሲ፣ ዓለም አቀፍ ሕግ፣ የዓለም ምጣኔ ሀብት፣ ስደት፣ ጸጥታና የድንበር ተሻጋሪ ሀብት አጠቃቀም ሁሉም በዚህ ትምህርት ውስጥ ይገኛሉ።

የማጠናው የእንስሳት ሕክምና ነው፤ ጓደኞቼም ምህንድስናና ሒሳብ አያያዝ ያጠናሉ። እኛን ምን አገናኘን?

በባቲ የሰኞ ገበያ የሚቀርብ ግመልና ፍየል ዋጋው በባቲ ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በተቀሰቀሰ ጊዜ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳ እንዳይገባባት አገደች። እንዲህ ያለው እገዳ የሚነሳው የሻጩ አገር ሐኪሞች ዓለም አቀፉን የእንስሳት ጤና መስፈርት ማሟላታቸውን በሚታመን ምስክር ወረቀት ማስረዳት ሲችሉ ነው። ስለዚህ ከእንስሳት ሐኪም የሚጠበቀው መርፌ መውጋት ብቻ አይደለም።

የሒሳብ ባለሙያው የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ ፓርክ ይመልከት። ፓርኩ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ባለሀብቶችን ከሳቡት ነገሮች አንዱ አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የተሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መግባቱ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዚህ ዕድል ስትታገድ፣ ለምሳሌ የጥጥ ቲሸርት በመደበኛው ታሪፍ 16.5 በመቶ ቀረጥ የሚከፈልበት ሆነ። ውሳኔው ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ የሥራ ዋስትናቸውን ያናጋው ግን ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ የሚሰፉትን ወጣቶች ነው። መሐንዲሱም ቢሆን ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውን የባቡር መስመር ሲያይ ሐዲዱንና ድልድዩን ብቻ ማየት አይበቃውም። መስመሩን የሠራው የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው፤ ገንዘቡም ከቱርክ ኤግዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ አስተባባሪነት ከተሰባሰቡ አበዳሪዎች የተገኘ ብድር ነው። በውጭ ገንዘብ የተበደረ አገር ሐምሌ 22 ቀን 2016 እንደሆነው የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዕዳው በብር ሲሰላ በአንድ ጊዜ ይከብዳል። ማዳበሪያም እንደዚሁ ነው፤ ተሁለደሬ ያለ ገበሬ የሚዘራበት ዩሪያ በዶላር ተገዝቶ በጂቡቲ በኩል የሚገባ ነው።

ለወሎ ተማሪ የተለየ ምክንያት አለ?

አለ። ወሎ የዓለም ፖለቲካ ደጋግሞ በእግሩ የመጣበት ምድር ነው።

እንግሊዞች ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላን ከያዙ በኋላ የዘረፉትን የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ ዘውድና ጽዋ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭነው አወረዱ፤ በደላንታ ሜዳም እርስ በርሳቸው በጨረታ ተሻሻጡት። ከዚያ ዝርፊያ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ዛሬው ብሪቲሽ ላይብረሪ ስብስብ ገብተዋል፤ ታቦታት ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ይመለሱ የሚለው ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ሙዚየሙ የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. የ1963ቱን የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ነው፤ ሕጉ ባለአደራዎቹ ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በስተቀር ከስብስቡ ምንም አሳልፈው እንዳይሰጡ ይከለክላል። በዚያው በለንደን ያለው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ግን የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር እ.ኤ.አ. በ2019 መልሷል፤ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁልፍ የለውም ማለት ነው። እነዚያ ጠባብ ሁኔታዎች የትኞቹ እንደሆኑ አንቀጽ በአንቀጽ አንብቦ የሚከራከር ባለሙያ ከመቅደላ አካባቢ ቢወጣ ያምርበታል። እስካሁን በቁጣ ብቻ የተመለሰ ታቦት የለም።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 በአምባሰል ይስማ ንጉሥ የተፈረመው የውጫሌ ውል ዘወትር የሚነሳው በ17ኛው አንቀጽ ነው፤ እሱን የማያውቅ ተማሪ ስለሌለ እዚህ አይደገምም። ለትምህርታችን ይበልጥ የሚጠቅመው ከፊርማው በኋላ የተደረገው ነው። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1889 የአውሮፓ ኃያላን ስለ አፍሪካ ቅርምት የተስማሙበትን የበርሊኑን ጉባኤ ውሳኔ 34ኛ አንቀጽ ተከትላ የኢትዮጵያ የውጭ ግንኙነት በእሷ በኩል እንደሚካሄድ ለኃያላኑ መንግሥታት አሳወቀች። ዐፄ ምኒልክ ንግሣቸውን ለማብሠር ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜም ከለንደንና ከበርሊን የመጣው መልስ መጻጻፉ በሮም በኩል መሆን እንዳለበት የሚያመለክት ሆነ። ኢትዮጵያ ባልተጠራችበት ጉባኤ የተቀረጸ የማሳወቂያ ደንብ ነጻነቷን በወረቀት ላይ ሊያስነጥቃት ተቃርቦ ነበር ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1885 ውሉን መሻራቸውን ያሳወቁትም እንዲሁ ለመንግሥታቱ ሁሉ ደብዳቤ በመጻፍ ነው፤ ጦሩ ዓድዋ ላይ ከማሸነፉ ከ3 ዓመት በፊት በደብዳቤ የተካሄደ ክርክር ነበር። ታሪኩ ሲነገር ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በእኔ አስተያየት ለዲፕሎማሲ ተማሪ ከጦርነቱ ያላነሰ ትምህርት ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ደግሞ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የሰፈሩባትን ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። በከተማዋ የነበሩ የውጭ ጋዜጠኞች ወሬውን ለዓለም አደረሱት፤ መንግሥትም ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በዚያው ዘመን መቋቋሙና አገሪቱ የጄኔቫን ስምምነት መቀበሏ አቤቱታው ሕጋዊ መሠረት እንዲኖረው አድርጓል። አቤቱታው ጦርነቱን አላስቆመም። ሆኖም ሕግ ያለ አስፈጻሚ ኃይል ምን ያህል እንደሚራመድና የት ላይ እንደሚቆም ለማጥናት ከደሴ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የ1965 እና 1966 ረሃብ ነው። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ምስሉን ሲያሳይ የወሎ ስም በአንድ ሌሊት በዓለም ታወቀ። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ይህንን ረሃብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው የሚራበው እህል ከገበያ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን መግዣ አቅሙን ሲያጣም ጭምር መሆኑን አስረዳ፤ በዚያ የችግር ጊዜ የደሴ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አለመናሩንና ከወሎ የወጣ እህልም መኖሩን በማስረጃነት አቀረበ። ይህ ሐሳብ ዛሬ በየዓለሙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ስለ ወሎ ተጽፎ በዓለም የተነበበው አብዛኛው ነገር ከሌላ አገር በመጣ ሰው የተጻፈ ነው። ወሎ የዓለም የጥናት ርዕስ ሆኖ ኖሯል፤ የወሎ ልጅ ዓለምን የጥናቱ ርዕስ ማድረግ የጀመረው ግን በቅርቡ ነው።

ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለ ስደት ከዩኒቨርሲቲ ምን አዲስ ነገር እንማራለን?

መንገዱን የወሎ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከባቲ ወደ ሚሌ፣ ከአፋር በረሃ ወደ ጂቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ድንበር የሚወስደውን መስመር ከካርታ መማር አያስፈልገውም። ብዙው ሰው የማያውቀው ሕጉን ነው፤ ደላላው የሚኖረውም በዚህ ባለማወቅ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ኢቃማውን፣ ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረው አሠራር ከፋላ ይባላል። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሠራተኛ አሠሪውን የሚቀይርበትንና ከአገር የሚወጣበትን ሁኔታ ስታሻሽል የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ውጪ አደረገቻቸው። ከወሎ የሚሄዱት ሴቶች አብዛኞቹ የሚቀጠሩት በቤት ሠራተኝነት ስለሆነ «ሳዑዲ ሕጉን አሻሽላለች» የሚለው የደላላ ወሬ ለእነሱ አይሠራም ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው 189ኛው የቤት ሠራተኞች ስምምነት አለ፤ ነገር ግን ስምምነት የሚያስገድደው ያጸደቀውን አገር ነው፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ያጸደቀው የለም።

በአገር ውስጥ ያለው ሕግም እንዲሁ መነበብ አለበት። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ይደነግጋል፤ ሠራተኛው ላይ የሚወድቀው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለው ወጪ ነው። በሬ ሸጦ «የቪዛ» የሚል ገንዘብ ለደላላ የሚከፍል አባት ይህንን ድንጋጌ ቢያውቅ ኖሮ ቢያንስ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ በሰው መነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር የተለያዩ ወንጀሎች ናቸው፤ በመጀመሪያው ሰውየው ለብዝበዛ የሚዳረግ ተጎጂ ሲሆን የሁለተኛው ፍሬ ነገር ድንበሩን በክፍያ ማሻገሩ ነው። ከየመን የተመለሰችን ልጅ ቃል የሚቀበል የወረዳ ባለሙያ ሁለቱን ካልለየ ማግኘት የሚገባትን ድጋፍ ሊያሳጣት ይችላል።

ዜጋ በውጭ አገር ሲታሰር የቆንስላው ጉዳይ ይመጣል። እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት 36ኛ አንቀጽ፣ የታሰረ የውጭ አገር ሰው የአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ሳይዘገይ እንዲነገረው ያዛል፤ ደንቡ በአገሮች መካከል እንደ ልማዳዊ ሕግም ይታያል። በጅዳ ወይም በጂዛን ልጁ የታሰረበት ቤተሰብ ለማን ምን ብሎ ማመልከት እንዳለበት የሚያውቅ አንድ ሰው በቀበሌው ቢኖር የሚያሳጥረው መንከራተት ቀላል አይደለም።

ሌላው የመደራደር አቅም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 በኋላ ባሉት ወራት ከሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ፊሊፒንስ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ለቤት ሠራተኞቿ የወር ደመወዝ ከ400 ዶላር እንዳያንስ ደንግጋ፣ በኤምባሲዎቿም የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎችን መድባ ተደራድራለች። ደንቡ በየቦታው ተከብሯል ማለት አይደለም፤ ሆኖም ሠራተኛ ላኪ አገር መለመን ብቻ ሳይሆን ዋጋ ማውጣትም እንደሚችል አሳይታለች። የሁለቱን አገሮች መንገድ አነጻጽሮ የሚጽፍ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ መረጃውን ከሐርቡ፣ ከከሚሴና ከቆቦ ተመላሾች እያሰባሰበ ቢሠራ፣ ለአገሪቱ ተደራዳሪዎች ከብዙ የአዳራሽ ንግግር በላይ ይጠቅማቸዋል።

የዓባይ ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም? እኛን በቀጥታ ይነካናል?

ከደሴ በስተ ምዕራብ ባሉት ደጋዎች የሚዘንበው ዝናብ በበሽሎ በኩል ዓባይ ይገባል፤ በቦርከና በኩል የሚወርደው ግን አዋሽን ተቀላቅሎ በአፋር ሐይቆች ይቀራል። ስለዚህ በአንዱ ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን ግብጽና ሱዳን በሚከራከሩበት ወንዝ ደለል ላይ ለውጥ ያመጣል፣ የሌላው ግን አያመጣም። እ.ኤ.አ. የ1959ኙ ስምምነት 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብጽ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ሲያከፋፍል ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። የዓለም አቀፍ የውሃ መስመሮች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1997 ድምፅ ሲሰጥበት ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፤ ግብጽም እንዲሁ። ሁለት ተቃራኒ ወገኖች በአንድ ሰነድ ላይ ለምን ተመሳሳይ ድምፅ እንደሰጡ ማስረዳት የሚችል ተማሪ ጉዳዩ ገብቶታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ግንባታውን እንጂ ክርክሩን አልጨረሰውም።

በመጀመሪያ ዓመት «ግሎባል ትሬንድስ» ወስጃለሁ፤ አይበቃም?

አይበቃም። ኮርሱ መግቢያ ነው፤ ስለ አገሮች ግንኙነት፣ ስለ ኢትዮጵያ የውጭ ፖሊሲና ስለ ሉላዊነት የሚሰጠው ጥሩ ካርታ ነው። ነገር ግን ብዙ ተማሪ የሚያስታውሰው ለፈተና የሸመደደውን የንድፈ ሐሳብ ስም ዝርዝር ብቻ ነው፤ ለዚህም የማስተማር ዘዴያችን ከተማሪው ያላነሰ ተጠያቂ ነው።

ተመርቄ ሥራ አገኛለሁ ወይ? ወላጆቼ አምባሳደር ካልሆንክ ምን ትሠራለህ ይሉኛል።

የወላጆች ጥያቄ ተገቢ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚቀበለው ሰው ጥቂት ነው፤ በአዲስ አበባ ያሉት የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም የሚያወዳድሩት ከመላው አፍሪካ የመጡ አመልካቾችን ነው። ስለዚህ ለአምባሳደርነት ብሎ ብቻ ወደዚህ ትምህርት የሚገባ ሰው ቢያስብበት ይሻላል። ይልቅ ትምህርቱን ከሌላ ሙያ ጋር ማጣመር ያዋጣል። በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና በጉምሩክ፣ ኤል ሲ (ለውጭ ግዢ ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) በሚከፍቱ የባንክ ክፍሎች፣ በላኪና አስመጪ ድርጅቶች፣ በቀይ መስቀልና በእርዳታ ድርጅቶች፣ በወረዳ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በላሊበላ የቅርስና የቱሪዝም ሥራ ላይ የውጭ ውልና ደንብ አንብቦ የሚረዳ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል። ደመወዙ በየቦታው ያማረ ነው ብሎ ተስፋ መስጠት ግን ሐቀኝነት አይሆንም።

የትኛውን ቋንቋ ልማር?

እንግሊዝኛ ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ ሰነዶቹ አይነበቡም። ከዚያ በኋላ ግን የወሎ ተማሪ ቤቱ ያለውን ሀብት ቢያይ መልካም ነው። በዳና፣ በጌታ፣ በጀማ ንጉሥና በሌሎች የእስልምና ዕውቀት ማዕከሎች ደረሳ (ተማሪ) ሆነው ዓረብኛ ሰዋስው ለዓመታት የተማሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ዓረብኛ ከተባበሩት መንግሥታት 6 ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረትም ቋንቋ ነው፤ የሳዑዲን የሥራ ሕግና የካይሮን ጋዜጦች በቀጥታ ማንበብ ያስችላል። እነዚህ ወጣቶች ዕውቀታቸው ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ውጪ የሚቀር አድርገው ማሰባቸው የሚያስቆጭ ነው።

ይህን ማጥናት ፖለቲካ ውስጥ መግባት አይሆንብኝም?

አይሆንም፤ ፓርቲ መደገፍና ሰነድ ማንበብ ይለያያሉ። በ2014 በሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰባቸውን ሁሉም ያስታውሳል። ያን ጦርነት ለማቆም በአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ለሕዝብ ይፋ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ሰነዱን አንድም ጊዜ ሳያነቡ በስሙ ሲከራከሩ የሚውሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከየት ልጀምር?

ከአንድ ስምምነት ይጀመር፤ የሚመረጠውም ተማሪው ቀድሞ የሚያውቀውን ኑሮ የሚነካ ቢሆን ይበጃል። ስምምነት ሲነበብ ከመግቢያው የተዋቡ ቃላት ይልቅ መጨረሻው ላይ ያሉት አንቀጾች ቀድመው ይታዩ፦ ስንት አገር ሲያጸድቀው ይጸናል፣ ማን በየትኛው አንቀጽ አልገደድም ብሎ ተአቅቦ መያዝ ይችላል፣ ክርክር ሲነሳ ወዴት ይኬዳል፣ መውጣት የሚፈልግ አገር ስንት ጊዜ አስቀድሞ ያሳውቃል። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ለፊርማ ክፍት ሆኖ ሳለ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ነው፤ 14 ዓመት ያቆየው ደግሞ ስድስተኛ አገር እንዲያጸድቀው የሚጠይቀው ድንጋጌ ነበር። ስድስተኛዋ ደቡብ ሱዳን ናት። ለምን በዚያ ጊዜ አጸደቀች የሚለው ለአንድ ሴሚስተር የሚበቃ የጥናት ጥያቄ ነው።